ጉባኤውን ያበላው ማን ነው?

ክቡራንና ክቡራት፣ በዚህ ምሽት ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ የዓለም ሁኔታና የጸና መንግሥት አገነባብ የሚል ሰፊ ጉዳይ ነው። በአንድ ምሽት ዓለምን ልዙር ያለ ተናጋሪ የትም እንደማይደርስ ስለማውቅ፣ ከደጃችን የማይርቅ አንድ ምሳሌ መርጬ እርሱ ላይ እቆያለሁ። ምሳሌዬ የሶማሊያና የሶማሊላንድ ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ስለ መንግሥት ግንባታ በተነሣ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለቱ አይቀርም። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን የሚደብቀው ነገር አለ። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ የታቀፈችው ዶሮ ሦስት ሳምንት ምን በልታ እንደሰነበተች፣ ጥሬውንም ማን እንደበተነላት አይነግረንም። መዘግየት ብቻውን የሚገነባው ነገር የለም፤ ለሃያ ዓመት ሲገነቡ ቆይተው በአንድ ቀን የፈረሱ መንግሥታት አይተናል። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ መንግሥት የሚጸናው የመዘግየቱን ወጪ ራሳቸው ተደራዳሪዎቹና አስተናጋጆቻቸው ሲሸከሙት ነው። ስለዚህ ስለ ማንኛውም የሰላም ጉባኤ ስሰማ ከአጀንዳው አስቀድሜ የምጠይቀው ተሰብሳቢውን ማን እንደሚያበላ ነው።

ወቅቱ የሚያሳስብ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በኤፕሪል 2023 በሁለት የጦር አለቆች መካከል የተነሣው የሱዳን ጦርነት ሚሊዮኖችን ከቤታቸው አፈናቅሏል፤ ብዙዎቹም ድንበር ተሻግረው ወደ እኛ መጥተዋል። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከ2020 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት ተራ በተራ በወታደሮች እጅ ወድቀዋል። ደቡብ ሱዳን በጁላይ 2011 ባንዲራዋን ሰቅላ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላት በዲሴምበር 2013 እርስ በርሷ ተታኮሰች። እኔን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሲያብሰለስለኝ የኖረው ግን የካቡል ነገር ነው። በ2001 መገባደጃ የአፍጋኒስታን ተወካዮች በጀርመን ቦን አጠገብ ተሰብስበው በዘጠኝ ቀን ገደማ ውስጥ የሽግግር አስተዳደር አዋቀሩ። በጦርነቱ የተሸነፈው ታሊባን አልተጠራም። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ገንዘብ፣ አሠልጣኝ፣ መሣሪያና አማካሪ ፈሰሰ፤ ምርጫ ተደረገ፤ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። በኦገስት 15 ቀን 2021 ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ወጡ፤ ያልተጠራው ወገንም ቤተ መንግሥቱ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ዓመት አጭር ጊዜ አይደለም። እንቁላሉ በደንብ ታቅፏል፤ ጥሬውን የሚበትነው እጅ ግን የውጭ እጅ ነበረ፤ እጁ ሲነሣ ሁሉም ነገር አብሮ ተነሣ።

አሁን ወደ ጎረቤታችን እንምጣ። የብሪታንያ ሶማሊላንድ በጁን 26 ቀን 1960 ነፃ ወጣች፤ ከአምስት ቀን በኋላ፣ በጁላይ 1፣ በኢጣሊያ ሞግዚትነት ሥር ከነበረችው ከደቡቧ ጋር ተዋህዳ የሶማሊያ ሪፐብሊክ ሆነች። ውህደቱ የተፈጸመው በደስታ ነው፤ በዝርዝር ድርድር ግን አልነበረም። ሁለቱ ወገኖች ያወጧቸው የውህደት ሕጎች እንኳ አንድ ዓይነት አልነበሩም። ዋና ከተማው መቋዲሾ ሆነ፤ ፕሬዚዳንቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከደቡብ ሆኑ። በ1961 በሕገ መንግሥቱ ላይ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ከሰሜን ብዙው ሕዝብ ቀረ፤ ከወጣውም የሚበዛው «አይሆንም» አለ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የሰሜን ወጣት መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈባቸው፤ ፍርድ ቤት ሲቀርቡም ዳኛው በሁለቱ ግዛቶች መካከል በሕግ የጸና የውህደት ውል የለም በሚል ምክንያት በነፃ አሰናበቷቸው። የአንድ አገር መሠረት በወንጀል ችሎት ላይ ጥያቄ ውስጥ ሲገባ አስቡት። ሰሚ ጆሮ ቢኖር ኖሮ ውሉን እንደገና ተቀምጦ ለመነጋገር የተሻለ ምልክት ባልተገኘም ነበር።

ይህን ስል የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባዶ ነበሩ ማለቴ አይደለም። በ1967 ፕሬዚዳንት አደን አብዱላ ኡስማን በፓርላማ ምርጫ ተሸንፈው ሥልጣናቸውን በሰላም አስረክበው ወደ እርሻቸው ሄዱ። በአፍሪካ በምርጫ ተሸንፎ በሰላም የለቀቀ የመጀመሪያው የአገር መሪ እርሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ የዓለም ጋዜጦች ሶማሊያን የአፍሪካ ዴሞክራሲ አብነት ይሏት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በማርች 1969 ምርጫ፣ ለ123 የፓርላማ መቀመጫዎች ከ60 በላይ ፓርቲዎችና ከ1,000 በላይ ዕጩዎች ተወዳደሩ። ብዙዎቹ ፓርቲዎች አንድ ጎሳ ወይም የአንድ ጎሳ ንዑስ ነገድ መቀመጫ የሚያስይዝባቸው የአንድ ቀን ባርኔጣዎች ነበሩ። ምርጫው አልቆ ፓርላማው ሲከፈት የተቃዋሚ ተመራጮች አንድ በአንድ ወንበራቸውን እየለቀቁ ወደ ገዢው ፓርቲ ተሻገሩ፤ ምክንያቱም በጀቱም ሹመቱም ያለው እዚያ ነበር። ከአንድ ሰው በስተቀር ተቃዋሚ አልቀረም ይባላል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር 15 ፕሬዚዳንት አብዲረሺድ አሊ ሸርማርኬ ላስአኖድ ላይ በጠባቂያቸው ተገደሉ፤ በስድስተኛው ቀን ጄኔራል ዚያድ ባሬ ሥልጣን ያዙ። ላስአኖድ የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የዚያድ ባሬን ሃያ አንድ ዓመት በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ የ1977ቱን ጦርነት ከአዳራሹ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቁት አሉ። ለዛሬው ነገራችን የሚያስፈልገው 1988 ነው። በሜይ ወር በሰሜን ዚያድ ባሬን ይወጋ የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ታጣቂዎች ቡርኦንና ሐርጌሳን አጠቁ፤ መንግሥት በምላሹ የገዛ ከተማውን በአውሮፕላንና በመድፍ ደበደበ። ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡ የጦር አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ደብድበው እዚያው ተመልሰው ያርፉ ነበር። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ከጅግጅጋ ምሥራቅ ወዳለው ወደ ሐርቲሼክ ገባ፤ ሐርቲሼክም በጊዜው ከዓለም ግዙፍ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ሆነ። ዛሬ ሐርጌሳ መሐል ከተማ ላይ ተሰቅሎ የሚታየው ሚግ አውሮፕላን የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

በጃንዋሪ 1991 ዚያድ ባሬ መቋዲሾን ለቀው ሸሹ። በሜይ 18 ቀን 1991 ቡርኦ ላይ የተሰበሰቡት የሰሜን ሽማግሌዎችና የንቅናቄው መሪዎች የ1960ውን ውህደት ሽረው ሶማሊላንድን አወጁ። የእውቅናን ጥያቄ እዚህ መድረክ ላይ አልዳኝም፤ የሕግ ሰዎችና ዲፕሎማቶች ሲከራከሩበት ኖረዋል። እኔ የምመለከተው ከአዋጁ በኋላ የሆነውን ነው። ነፃነት ታወጀ ማለት መንግሥት ቆመ ማለት አልነበረምና። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1992፣ ያሸነፉት ታጣቂዎች ራሳቸው በቡርኦና በበርበራ እርስ በርስ ተዋጉ። ጠቡ በአብዛኛው ስለ በርበራ ወደብ ገቢ ነበር። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብዲራህማን አህመድ አሊ ደመወዝ የሚከፍሉበት ገንዘብ፣ የሚያዝዙት ጦርም አልነበራቸውም።

ወደ ቦረማ የሚያደርሰን መንገድ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሽማግሌዎች በመጀመሪያ ሼክ በምትባለው የተራራ ከተማ ተገናኝተው የበርበራን ጠብ አበረዱ። ከዚያ በጃንዋሪ 1993 ቦረማ ላይ ትልቁን ጉባኤ ከፈቱ። ድምፅ የሚሰጡት 150 ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ታዛቢው፣ አማካሪው፣ ገጣሚው፣ የሃይማኖት አባቱና ዝም ብሎ ሊያይ የመጣው ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበር። ጉባኤው አራት ወር ያህል ፈጀ። ከውጭ የገባው ርዳታ ጥቂት ነበር፤ አብዛኛውን ወጪ የሸፈኑት ነጋዴዎች፣ በውጭ የሚኖሩ ዘመዶችና የከተማው ሕዝብ ናቸው።

የቦታው ምርጫ ራሱ ትልቅ ነገር ይናገራል። ቦረማ የጋዳቡርሲ ጎሳ ከተማ ነች፤ ጋዳቡርሲ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ በአብዛኛው ከንቅናቄው ጋር አልቆመም፤ በ1991 መጀመሪያም ንቅናቄው ከተማዋን በኃይል ይዟት ነበር። ስለዚህ አሸናፊው እርቅ ሊነጋገር የሄደው ተሸናፊው ቤት ነው፤ በተሸናፊው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ የተሸናፊውን ፍየል በልቶ። ቦንን አስታውሱ፤ እዚያ ተሸናፊው ከናካቴው አልተጠራም።

ከዓመታት በፊት ጅግጅጋ በማስተምርበት ጊዜ ሻይ የምጠጣበት አንድ ሱቅ ነበር። ባለ ሱቁ የቦረማ ተወላጅ ነው፤ ጉባኤው ሲካሄድ የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረ። አባቱ ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው። ከምሥራቅ የመጡ ስድስት ሽማግሌዎች ተመደቡባቸውና አንደኛውን ክፍል ለእነርሱ ለቀቁ፤ እናቱና እኅቶቹ በሌላው ክፍል ተጨናንቀው፣ እርሱና ወንድሞቹ ግቢው ውስጥ ማደር ጀመሩ። ጃንዋሪ በቦረማ ብርድ ነው። ጠዋት ጠዋት የእርሱ ሥራ ለሽማግሌዎቹ የመታጠቢያ ውኃ በጄሪካን መቅዳት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ፍየል ታረደ፤ በሁለተኛው ወር ሩዝና ዘይት ብቻ ሆነ፤ በሦስተኛው ወር እናቱ ከጎረቤት ዱቄት መበደር ጀመሩ። «መምህር» አለኝ፣ የግመል ወተት የገባበትን ሻይ እየቀዳልኝ፣ «እንግዳ ሲሰነብትብህ የምትመኘው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ይታረቅ፣ ወይ ይሂድልህ። አባቴ ማታ ማታ እየገቡ ‹ዛሬስ ምን ላይ ደረሳችሁ?› ይሏቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ መልስ ከሌላቸው ያፍሩ ነበር፤ እራታቸውን አቀርቅረው ይበላሉ።»

ይህን ታሪክ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሽማግሌዎቹ በእርግጥ ጥበብ ነበራቸው፤ የሶማሌ ባሕላዊ ሕግ «ሄር» የሚባለው፣ የደም ካሳው፣ የግጦሽና የውኃ ስምምነቱ ሁሉ የተዘጋጀ መሣሪያ ሆኖላቸዋል። በሳናግ ክልልም እንዲሁ በየወረዳው ትናንሽ ጉባኤዎች ከተደረጉ በኋላ ነው ትልቁ የኤሪጋቦ ጉባኤ የተጠራው፤ በጦርነቱ የተያዘ ቤትና እርሻ ለባለቤቱ የተመለሰውም በእነዚህ ስብሰባዎች ነው። ነገር ግን ጥበብ በየአገሩ አለ፤ እኛም ሽማግሌ አጥተን አናውቅም። ቦረማን የለየው ሽማግሌው በየማታው የሚመለስበት ቤት፣ የሚያበላው ሰው ዓይን መሆኑን አምናለሁ። ጊዜው ረጅም ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን የአንድን እናት ዱቄት ይበላ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ነው ነገር የሚያበስል።

ከጉባኤው ሁለት ሰነድ ወጣ፤ አንዱ የሰላም ቃል ኪዳን፣ ሁለተኛው የሽግግር ቻርተር ነው። ሥልጣን ከታጣቂው ንቅናቄ ወደ ሲቪል መንግሥት ተዛወረ። በሜይ 1993 መሐመድ ኢብራሂም ኢጋል ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ኢጋል በ1960 በእነዚያ አምስት ቀናት የሶማሊላንድ መሪ የነበሩ፣ ከ1967 እስከ 1969 የመላ ሶማሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው የሠሩ፣ በዚያድ ባሬም ለረጅም ዓመታት የታሰሩ ሰው ናቸው። ባሕሉም ዘመናዊው አሠራርም አንድ ላይ እንዲኖሩ ፓርላማው ሁለት ምክር ቤት ሆነ፤ የሕዝብ ተወካዮችና «ጉርቲ» የሚባለው የሽማግሌዎች ምክር ቤት፣ በኋላ እያንዳንዳቸው 82 አባላት የኖሯቸው።

በእነዚያው ዓመታት በደቡብ በኩል የሆነውን አነጻጽሩ። በዲሴምበር 1992 በአሜሪካ የሚመራ ታላቅ ጦር መቋዲሾ ወረደ፤ ዓላማው ረሀብን ማስቆም ነበር፤ በዚህ ረገድም ብዙ ነፍስ አድኗል። ቀጥሎ የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ መንግሥት መገንባትንም ሥራው አደረገ። በማርች 1993 የአሥራ አምስት ቡድኖች መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ስምምነት ፈረሙ፤ ከተማችን እንግዳ ተቀባይነቷን አልነፈገችም፣ ሆቴሎቻችንም ገቢ አገኙ። ኦክቶበር ላይ በመቋዲሾ ጎዳና 18 የአሜሪካ ወታደሮችና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሶማሌዎች ሞቱ፤ በማርች 1995 የተባበሩት መንግሥታት ጦር ጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሶደሬው፣ የካይሮው፣ የጅቡቲው የአርታ ጉባኤ ተራ በተራ መጡ። ረጅሙ በኬንያ በኤልዶሬትና በምባጋቲ ከኦክቶበር 2002 እስከ ኦክቶበር 2004 የተካሄደው ነው፤ ሙሉ ሁለት ዓመት! በርዝመት ከሆነ ቦረማን ስድስት ጊዜ ይበልጣል። የሆቴሉን፣ የምግቡንና የአዳራሹን ወጪ ግን በአብዛኛው ለጋሽ መንግሥታት ይሸፍኑ ነበር።

አበል ምን እንደሚያደርግ ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። አበል ያለበት ስብሰባ እንዴት እንደሚረዝም፣ ተሰብሳቢውም እንዴት እንደሚበዛ ከቀበሌ እስከ ሚኒስቴር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በምባጋቲ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ለተሰብሳቢው ገቢ እንጂ ወጪ አልነበረም። «ዛሬስ ምን ላይ ደረሳችሁ?» ብሎ በራት ሰዓት የሚጠይቅ የለም፤ አስተናጋጁ የሚያመጣው ሰሐን እንጂ ጥያቄ አይደለም። በዚያ የተመሠረተው የሽግግር መንግሥት ፕሬዚዳንቱን የመረጠው ናይሮቢ ነው፤ አገሩ ሲገባም ዋና ከተማው ለመቀመጥ አልቻለም፤ በ2006 ፓርላማው ባይደዋ ከተማ ውስጥ የእህል መጋዘን በነበረ አዳራሽ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የእኛ ሠራዊት ገብቶ እስከ ጃንዋሪ 2009 ቆየ። ስለዚያ ዘመቻ የየራሳችን አስተያየት አለን፤ እኔ የምለው የሌላ አገር ጠመንጃም እንደ ሌላ አገር አበል ነው፤ መንግሥቱን ከሕዝቡ ጋር ከመደራደር ያሳርፈዋል።

ወደ ሰሜን ስንመለስ ኢጋል ያገኙት ባዶ ካዝና ነበር። እውቅና ስለሌለ ብድር የለም፤ የዓለም ባንክ በራቸውን አያንኳኳም። ያላቸው የበርበራ ጉምሩክና ከብት ወደ ዓረብ አገሮች የሚልኩ ነጋዴዎች ናቸው። ከነጋዴዎቹ ተበድረው ታጣቂውን በደመወዝ ወደ ጦርና ፖሊስ አስገቡት፤ በ1994 የራሳቸውን ሽልንግ አሳተሙ። ነጋዴው ያበደረው አገር ወድዶ ብቻ አልነበረም፤ በየመንገዱ ኬላ እየጣለ የሚቀርጠው ታጣቂ ስላሰለቸው፣ አንድ ቦታ አንድ ጊዜ መክፈል ይሻለዋል ብሎ ነው። በምላሹም ከግብርና ከቀረጥ ምሕረት አገኘ፤ ገንዘብ ለዋጩም ሽልንጉ እየረከሰ ሲሄድ አተረፈ። ንጹሕ ታሪክ አይደለም። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተያዘው መንግሥት አበዳሪዎቹን በየቀኑ በመንገድ ላይ የሚያገኝ መንግሥት ነበር፤ ቃሉን ቢያጥፍ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ዛሬም ሐርጌሳ የሄደ ሰው በመንገዱ ዳር ሽልንግ እንደ ጡብ ደርድረው የተቀመጡ ለዋጮችን ያገኛል፤ አብዛኛው ግዢ በስልክ ገንዘብ መሆኑ እንኳ አላስነሣቸውም።

ቦረማ ጦርነትን ለዘለዓለም አላስቀረም። ከ1994 መጨረሻ ጀምሮ በሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ገቢ ምክንያት እንደገና ውጊያ ተነሣ፤ የተቋጨው በሌላ ጉባኤ፣ በ1996ና 97 ሐርጌሳ ላይ ነው። ኢጋል ያን ጉባኤ በመንግሥት ገንዘብ ማስተናገዳቸውን ብዙዎች ነቅፈዋል፤ ያበላው ሰው ተመልሶ ተመረጠ ይላሉ። ለእኔ ይህ ነቀፋ የቦረማን ልዩነት ይበልጥ ያጎላዋል፤ ማን እንዳበላና ማን እንደበላ ሕዝቡ ራሱ ይቆጥር ነበር ማለት ነው።

በ2001 ሕገ መንግሥቱ በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ። በሜይ 2002 ኢጋል ፕሪቶሪያ ውስጥ በሕክምና ላይ ሳሉ አረፉ፤ በዚያው ቀን ምክትላቸው ዳሂር ራያሌ ካሂን ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ራያሌ ከብዙኃኑ ከኢሳቅ ጎሳ ሳይሆኑ ከጋዳቡርሲ ናቸው፤ በዚያ ላይ በዚያድ ባሬ ዘመን በጸጥታ ክፍል ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ምክትሉ ይተካል ይላል፤ ተተኩ። በኤፕሪል 2003 በተደረገው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ተሰጥቶ ራያሌ አህመድ መሐመድ ሲላንዮን የበለጡት በ80 ድምፅ ነው ተባለ። ሰማንያ! የአንድ ሠርግ ታዳሚ እንኳ አይሞላም። ሲላንዮ የንቅናቄው ሊቀመንበር ሆነው የታገሉ፣ ከትልቁ ጎሳ የተወለዱ፣ ደጋፊዎቻቸውም መሣሪያ መተኮስ የሚያውቁ ነበሩ። አቤቱታቸውን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰዱ፤ ፍርድ ቤቱ ውጤቱን አጸናባቸው፤ ሳምንታት ከወሰደ የሽማግሌዎች መመላለስ በኋላ ተቀበሉት። ሰባት ዓመት ጠብቀው በጁን 2010 ተወዳድረው አሸነፉ፤ ራያሌም አስረክበው ሄዱ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲ በተቃዋሚው በአብዲራህማን መሐመድ አብዱላሂ ተሸንፈው እንዲሁ አስረክበዋል። በአካባቢያችን በምርጫ ተሸንፎ ቤተ መንግሥት የለቀቀ መሪ ጥቂት ነው፤ ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ከሐርጌሳ ናቸው።

እስካሁን የተናገርሁት ቆንጆ ነው፤ ቆንጆውን ብቻ ተናግሬ ብወርድ ግን ዋሸኋችሁ። በመጀመሪያ፣ ጉባኤው የወንዶች ጉባኤ ነበር። ዱቄት የተበደረችው እናት ድምፅ አልነበራትም። ሁለተኛ፣ በ2005 የተመረጠው የተወካዮች ምክር ቤት እስከ 2021 ሳይለወጥ ተቀምጧል፤ ፕሬዚዳንቶቹም ምርጫ በደረሰ ቁጥር ጊዜ እየተጨመረላቸው ቆይተዋል። ጋዜጠኞች ታስረዋል። ሦስተኛውና ከባዱ የላስአኖድ ጉዳይ ነው። በምሥራቁ ያሉት፣ ዱልባሃንቴ የሚባለው ጎሳ ሰዎች ቡርኦና ቦረማ ላይ ተወካይ የነበራቸው ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙዎቹ በሐርጌሳ መንግሥት ውስጥ ራሳቸውን አላገኙትም። በዲሴምበር 2022 በላስአኖድ የአንድ ተቃዋሚ ፖለቲከኛ መገደል ሕዝቡን አስነሣ፤ በ2023 መጀመሪያ ነገሩ ወደ ለየለት ውጊያ ተሻገረ፤ ከተማዋ ለወራት በመድፍ ስትመታ ሕዝቡ ተሰደደ፤ ብዙዎቹ ወደ እኛው ሶማሌ ክልል ገቡ። በኦገስት 2023 የሶማሊላንድ ጦር ተሸንፎ ወጣ። በ1988 ድንበር ተሻግሮ የሸሸ ሕዝብ፣ በሠላሳ አምስተኛው ዓመት ሌላውን አሸሸ። ሽማግሌዎቹ በዚያ ሰሞን ወዴት ነበሩ የሚል ጥያቄ ተነሥቷል፤ መልሱ ያሳዝናል፤ ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ደመወዝተኞች ሆነው ነበር። ሰው ደመወዝ ከፋዩን «ዛሬስ ምን ላይ ደረስህ?» ብሎ ለመጠየቅ ይከብደዋል።

ለመቋዲሾም የሚገባትን ልስጥ። በ2012 ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ወጥቷል፤ በ2012፣ በ2017ና በ2022 ተሸናፊ ፕሬዚዳንቶች ሥልጣን አስረክበዋል፤ ይህ በቦምብ መካከል ለሚሠራ መንግሥት ትንሽ ነገር አይደለም። በዲሴምበር 2023 የአገሪቱ የውጭ ዕዳ በአብዛኛው ተሰርዞላታል። ነገር ግን በ2007 አሚሶም ተብሎ የገባው የአፍሪካ ኅብረት ጦር ስሙን ሁለት ጊዜ ቀይሮ እነሆ ዛሬም እዚያው ነው፤ ወጪውን ማን ይክፈል የሚለው ክርክርም ከዓመት ዓመት እየከረረ ሄዷል። የዛሬው የዓለም ሁኔታ የሚያሳስበኝ በዚህ በኩል ነው። የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት በ2025 ተዘግቷል፤ የአውሮፓ መንግሥታት ገንዘባቸውን ወደ ጦር መሣሪያ አዙረዋል፤ በምትኩ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ የሚመጣው ለጋሽ ወደብ የሚፈልግ ነው። የሚያበላው እጅ ሲነሣ የሚወድቁ መንግሥታት አሉ፤ ሌላ እጅ ሲዘረጋላቸው ባለቤት የሚቀይሩም አሉ። የትኛው የከፋ እንደሆነ አላውቅም።

ከእናንተ መካከል ይህ ለእኛ ምን ይሆናል የሚል መኖሩን ፊታችሁ ይነግረኛል። የእኛ አገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሟል፤ ስለ እርሱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስንት አጀንዳ እንደሰበሰበ፣ ማን እንደገባና ማን እንደቀረ ነው። እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ የምጨምረው፣ ተወካዩ ምሽት ላይ የት ያድራል የሚለውን ነው። ከወከለው ሰው ቤት ነው ወይስ ከሆቴል? ከተኳረፈው ወገን ጋር አንድ ማዕድ ይቀርባል ወይስ በየክፍሉ ይበላል? ይህ የመስተንግዶ ጉዳይ ይመስላል፤ ፕሮቶኮል ክፍል የሚጨርሰው። ቦረማን ካየሁ በኋላ እንደዚያ አይመስለኝም።

ከጉርቲ ጋር ልጨርስ። አባላቱ ከ1997 ወዲህ በምርጫ ታድሰው አያውቁም፤ ሕገ መንግሥቱ አመራረጣቸውን ለሕግ ቢተወውም፣ ሕጉ ዓመት በዓመት እየተንከባለለ ዘመናቸው ብቻ ሲራዘም ኖሯል። አንድ አባል ሲሞት ልጁ ወይም ዘመዱ ወንበሩን ይወርሳል፤ ስለዚህ ገና ወጣት የሆኑ «ሽማግሌዎች» የተቀመጡበት ጊዜ አለ። ይህን ለጅግጅጋው ባለ ሱቅ ነግሬው አብረን ሥቀናል። ከዚያ ጠየቅሁት፤ «አሁን ያ ሁሉ ሽማግሌ እንደገና ቦረማ ይሰብሰብ ቢባል ክፍላችሁን ትለቁላቸዋላችሁ?»

ብርጭቆዬን አንሥቶ አለቀለቀና «መምህር፣ እኛማ እንለቅ ነበር» አለ። «ዛሬ ግን ሆቴል አላቸው፤ ማን እኛ ዘንድ ያድራል?»